አስካለች የደረሰችበት ሰዓት

"ጓዶች፣ ስብሰባው ተከፍቷል፤ ቆጮውን ወደዚህ አቅርቡልኝ" አለ ሰይፈሥላሴ፣ በግራ እጁ የሚኒስቴሩን ደብዳቤ በቀኙ ጎመን የጠቀለለበትን ጉርሻ ይዞ።

ጵርስቅላ የዳጣውን ሳህን ከደብዳቤው ጫፍ አራቀችው። "ማኅተም ያለበት ነገር ላይ ዳጣ አፍስስና ፀረ አብዮት ተብለህ ወህኒ ግባ።"

"ፀረ አብዮትስ ዳጣው ነው። እንዳንቺ ያለ የዱራሜ ሰው ይኼን እየበላ ሆዱ እንዴት እንዳልተቃጠለ መጠናት አለበት።"

ማቴዎስም ፈገግ አለ፤ ነገር ግን ፈገግታው ከከንፈሩ አላለፈም። ከፊቱ ያለውን ቆጮ ይቆርሰዋል እንጂ አይጎርሰውም።

ዘመኑ ሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት ነው፤ ገበሬው ከየጎጆው ተነስቶ በአንድ መንደር ይሰብሰብ የተባለበት ዘመን። ሆስፒታሉ ከሆሳዕና ወጣ ብሎ ያለ፣ ሚሲዮኖች ሠርተውት አብዮቱ የወረሰው ነው። ሦስቱ ሐኪሞች ሠላሳ እንኳ አልሞላቸውም። የማዋለጃ ክፍሉን በተራ ይይዛሉ፤ በደህና ያልመጣውን ልጅ በመሣሪያ ይስባሉ፤ የባሰ ሲሆን በኦፕራሲዮን ያወጣሉ። ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ወጣት ሐኪም ማግኘት ለአገሩ ትልቅ ነገር ነበር፣ ልጆቼ። ሕዝቡ ሲያልፉ እያየ ይነሳላቸዋል።

ደብዳቤው ከሦስቱ አንዱ ለማህፀንና ጽንስ ሕክምና ትምህርት ወደ አዲስ አበባ ይላክ ይላል። አራት ዓመት ነው። አስተዳዳሪው "ተወያዩና ሰኞ ጠዋት አንድ ስም ከነቃለ ጉባኤው አምጡልኝ" ብሏቸው ወደ ቤቱ ሄዷል፤ ቅዳሜ ነውና ቢሮው ከተዘጋ ቆይቷል።

"አጀንዳ አንድ" አለ ሰይፈሥላሴ እጁን በሱሪው ጠርጎ ብዕር እያነሳ። "ይህ ሙያችን ወዴት ነው የሚሄደው? እኔ ልጀምር። የሚሄደው አዲስ አበባ ነው። ተምሮ ወደዚህ የተመለሰ የማህፀን ሐኪም ያየ ካለ ይመስክር።"

"አንተም ብትላክ አትመለስም ማለት ነው" አለችው ጵርስቅላ።

"እኔማ አልመለስም። ለዚህ አይደል ራሴን ያልጠቆምኩት? አባቴ ከሸዋ መጥቶ ሠላሳ ዓመት እዚህ አስተማረ፤ ለአንድ ቤተሰብ ይበቃል።"

ጵርስቅላ ሳቀች፤ ወዲያው ግን ፊቷ ቁም ነገር ያዘ። "ለዚህ ነው ስፔሻሊስት ብቻውን አያድነንም የምለው። ሴቶቹ የሚሞቱት እኛ እጅ ላይ መሰላችሁ? መንገድ ላይ ነው። የወደፊቱ ሥራችን ከዚህ ግቢ ውጭ ነው። በየገበሬ ማኅበሩ አዋላጅ ማሠልጠን፣ አንድ መኪና ማግኘት።" ከቦርሳዋ በእጅ የተጻፉ ስምንት ገጾች አወጣች። ወር ሙሉ ማታ ማታ ስትጽፈው የነበረ ነው። "ለሚኒስቴሩ የምልከው ይኸው። ከካርዶቹ ነው ያወጣሁት። የመጀመሪያዋን ስሟት፦ አስካለች፣ ሃያ ሦስት ዓመት፣ ከዶዮገና ወዲያ። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ከቤቷ ተነሳች፣ በማግስቱ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ደረሰች። አሥራ ሰባት ሰዓት ተኩል ቃሬዛ ላይ። ከዚህ በላይ ማስረጃ አለ?"

"የለም" አለ ሰይፈሥላሴ፤ ቀልዱን ትቶ ነበር።

ማቴዎስ ውኃ ጠጣ። "ስሟን አውጪው" አለ።

"ለምን?"

"ቤተሰብ አላት።"

"ስሟንማ አወጣለሁ። ለእኔ የሚጠቅመኝ ሰዓቱ ነው።" ስምንት ሰዓት ተኩል የሚለውን በቀይ እስክሪብቶ አሰመረችበት።

"እንግዲህ እኔ የምመርጠው ማቴዎስን ነው" አለ ሰይፈሥላሴ። "ምክንያት አንድ፣ የአገሩ ልጅ ነው፣ ሀዲይኛ ይናገራል፣ እናቱ እዚህ ናት፤ ስለዚህ ይመለሳል። ምክንያት ሁለት፣ መዝገቡ ንጹሕ ነው። በእኔ እጅ ሦስት ሴቶች ሞተዋል፤ ፊታቸውን ሁሉ አስታውሳለሁ። ማቴ ላይ የሞተችው አንዷ ይህችው አስካለች ናት፤ እሷም ብትሆን መንገዱ ጨርሷት ነው የመጣችው። ጵርስቅላ፣ ትደግፊያለሽ?"

"እደግፋለሁ። ማቴ፣ ምን ሆነህ ነው? እየመረጥንህ እኮ ነው፤ እየቀበርንህ አይደለም።"

በሩ ተንኳኳ። ሲስተር እልፍነሽ ናት። ጸጉሯ የሸበተ፣ በዚያ ማዋለጃ ክፍል ሃያ ዓመት የቆየች ነርስ ናት። ቀና ብላ ማቴዎስን ብቻ አየችው።

"ዶክተር፣ ያ ሰውዬ አልሄድም ብሏል።"

"የትኛው ሰውዬ?"

"የዶዮገናው። የአስካለች ቃሬዛ ተሸካሚ የነበረው። ከጠዋት ጀምሮ ካርድ ክፍሉ በር ላይ ነው። ወረቀት ይፈልጋል።"

ጵርስቅላ ከመቀመጫዋ ተነሳች። "አማርኛ ካስቸገረው እኔ ላነጋግረው፤ የአገሬ ሰው ነው፣ በቋንቋዬ ነው የሚያወራው።"

"አይ፣ አንቺ ብዪ!" አለ ማቴዎስ። ድምፁ ከፈለገው በላይ ስለጮኸ ሁለቱም ዞረው አዩት። "እኔ አነጋግረዋለሁ" አለ ዝቅ አድርጎ፣ ተነስቶም ወጣ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አስካለች የደረሰችው በስምንት ሰዓት ተኩል አይደለም። ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት፣ ስምንት ሰዎች እየተፈራረቁ ተሸክመው እዚህ ግቢ አስገብተዋታል። ማቴዎስ ሆዷን በመዳፉ ሲዳስስ ልጁ በሆዷ ውስጥ አግድም እንደተኛ ወዲያው አወቀ። ኦፕራሲዮን ነው። ቅጹ ግን "የባል ፊርማ ወይም የጣት አሻራ" ይላል። ባሏ ዳኘ ደግሞ ገበሬ ማኅበሩ ለመንደር ምሥረታው ቤት እንዲያቆም ልኮት ሌላ ቀበሌ ነበር።

ማቴዎስ ቅጹን እየሞላ "የባልሽ አባትስ ማን ይባላል?" አላት። አስካለች ዝም አለች። በዚያ አገር ያገባች ሴት የአማቷን ስም አፏ ላይ አታመጣም፤ ምጥ ቢይዛትም አታመጣም። "ሞቷል" አለች በመጨረሻ። ወንድም የለውም። የሚፈርም ወንድ አልተገኘም።

እልፍነሽ የአሻራውን ቀለም ይዛ ቆማ ነበር። አስካለች ከተኛችበት እጇን ዘርግታ አውራ ጣቷን ራሷ ቀለሙ ላይ ጫነችና ወደ ሐኪሙ አነሳችው።

"ይኸው። የእኔ አይበቃም? የሚቀደደው የእኔ ሆድ ነው።"

"ባልሽ ይምጣ" አላት ማቴዎስ።

ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ከእሱ በፊት የነበረ ሐኪም ባል ሳይፈርም ኦፕራሲዮን አድርጎ፣ ሴትየዋ ስትሞት፣ ሁለት ወር ታስሯል። እስር ቤት ስንቅ ያመላልስለት የነበረው ማቴዎስ ነው። ያ ሐኪም በመስኮት በኩል "ወረቀት ሳትይዝ ቢላ እንዳትይዝ" ብሎታል። ማቴዎስ ያን ቃል ያዘ፤ ሴትየዋን ግን ሳይዝ ቀረ። መልእክት ተልኮ፣ ከአፍ ወደ አፍ ዞሮ፣ ዳኘ እየሮጠ የገባው በስምንት ሰዓት ተኩል ነው። ሆዷ ሲከፈት ማህፀኗ ተተርትሮ ነበር። ልጁ ሞቷል። እሷም ፀሐይ ሳትጠልቅ አረፈች።

በዚያው ምሽት ማቴዎስ ካርዱን ሊዘጋ ተቀመጠ። በጠዋቱ ጥድፊያ "የደረሰችበት ሰዓት" የሚለው ቦታ ሳይሞላ ቀርቷል። ብዕሩን ይዞ ብዙ ቆየ። ከዚያ ስምንት ተኩል ብሎ ጻፈ። እልፍነሽ በትከሻው በኩል አየችው፣ ምንም ሳትል መጋረጃውን ስባ ወጣች። ከዚያ ወዲህ እሱ እናቱ ቤት መሄድ ትቷል፤ እናቱ ዓይኑን ካየች የምታውቅ እየመሰለው።

የዶዮገናው ሰውዬ ጠና ከካርድ ክፍሉ በር አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ ተነስቶ ጠበቀው። ሃምሳ ያለፈው ጎልማሳ ነው፤ የቀኝ ትከሻው ከግራው ዝቅ ይላል። ቆቡን በሁለት እጁ ይዟል።

"ይቀመጡ፣ ጋሼ ጠና።"

"ተቀምጬ ነበር፣ ከጠዋት። አሁን ልቁም።"

"ምን ዓይነት ወረቀት ነው የፈለጉት?"

"ሰዓት ያለበት።" ጠና አማርኛውን ቀስ እያለ፣ ድንጋይ እየመረጠ ወንዝ እንደሚሻገር ሰው ነበር የሚናገረው። "እኛ ስምንት ሰው ተሸከምን። አራት ይይዛል፣ አራት ያርፋል። ወንዙ ሞልቶ ነበር። ቃሬዛውን ከራሳችን በላይ አነሳን። እንደ እንቁላል ነው ያሻገርናት። ኋላ ከእናንተ ወረቀት መጣ። ገበሬ ማኅበር አነበበው። 'በስምንት ሰዓት ተኩል ደረሰች፣ ስለዘገየች ሞተች' ይላል። የዚያን ቀን የዶዮገና ገበያ ነበር። 'ገበያ ላይ አስቀምጣችኋት ጠጣችሁ' አሉን።"

ማቴዎስ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

"ዶዮገናን ያለፍነው ሌሊት ነው፤ ውሻ ብቻ ነው ያየን። እኔ ጌታን ከተቀበልኩ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፣ ዶክተር። የአረቄ ሽታው ራሱ ጠፍቶኛል።" ሊስቅ ሞክሮ ተወው።

"ዳኘስ ምን ይላል?"

"ዳኘ አይናገርም። 'እየሮጥኩ መጣሁ፣ ጣቴን ተቀበሉኝ፣ ሌላ አላውቅም' ይላል። ከእኛ ጋር አይበላም። ነገ ከጸሎት በኋላ እድሩ ይቀመጣል። ስምንታችንን ሊያስወጣ ነው።"

"ከእድር?"

"ከእድር። ሰው ቢሞትብን የሚቀብርልን የለም። ሰው ቢታመም ቃሬዛ የሚይዝልን የለም።" ቆቡን አዟዟረው። "ልጄ ነፍሰ ጡር ናት። ሰባት ወሯ ነው። የመጀመሪያዋ። ማን ይሸከምልኛል?"

ከግቢው ማዶ ከሐኪሞቹ ቤት የሰይፈሥላሴ ሳቅ ተሰማ።

"እኔ ፀሐይዋን አይቻለሁ፤ እዚህ ስንገባ ገና ዛፉን አላለፈችም ነበር" አለ ጠና፣ ግቢው ውስጥ ያለውን ባሕር ዛፍ በአገጩ እያሳየ። "ግን ወረቀቱ ከመጣ ወዲህ መጠራጠር ጀመርኩ። ሌሊት እነሳና ያረፍንባቸውን ቦታዎች እቆጥራለሁ። አራት ጊዜ ነው ያረፍን። ምናልባት አንዱ ላይ እንቅልፍ ወስዶን ይሆን? እኔ ሰዓት የለኝም። እርስዎ ተምረዋል፣ ሰዓት አለዎት፣ የጻፉት ልክ ነው። ዘግይተን ከሆነ ይንገሩኝ፤ እቀበላለሁ። ካልዘገየን ግን ይጻፉልኝ።"

ማቴዎስ እጁ ላይ ያለውን ሰዓት በሌላው እጁ ሸፈነው። ለምን እንደሸፈነው እሱም አያውቅም።

"ደግሞ አንድ ነገር አለ" አለ ጠና። "ያጠቧት ሴቶች ጠይቅልን ብለውኛል። አውራ ጣቷ ሰማያዊ ነበር። በሳሙና ቢያሹት አልለቀቀም፤ ከነቀለሙ ተቀበረች። ምን ፈርማ ነው?"

"አልፈረመችም" አለ ማቴዎስ። "ልትፈርም ፈልጋ ነበር።"

"ታዲያ?"

"እዚህ ይጠብቁኝ፣ ጋሼ ጠና።"

ካርድ ክፍሉ ውስጥ እልፍነሽ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣለች። የአስካለች ካርድ ከፊቷ ተዘርግቷል።

"ፈልጌው ነበር" አለ ማቴዎስ።

"ከጠዋት ጀምሮ አውጥቼዋለሁ።"

"ለምን ምንም ሳይሉኝ ቆዩ፣ ሲስተር? ሦስት ሳምንት ሙሉ?"

እልፍነሽ የካርዱን ጠርዝ በጣቷ አስተካከለች። "ዛሬ ይናገራል፣ ነገ ይናገራል እያልኩ ስጠብቅህ ነበር። ውሸት ነው፤ ለራሴም ፈርቼ ነው። ቀለሙን የያዝኩላት እኔ አይደለሁ? ጣቷን ስታነሳ 'ተቀበላት' ማለት ነበረብኝ። ስንት ሴት በእጄ አዋልጄ አንዲት ቃል አጣሁ።" ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ነካ አደረገች። "በል ጻፍለት። ሰውዬው መንገድ አለበት።"

ማቴዎስ ወረቀት አንስቶ ጻፈ። ሲጨርስ አሳያት። "በካርዱ አሞላል ላይ በተፈጠረ ስሕተት ምክንያት የደረሰችበት ሰዓት በትክክል ያልተመዘገበ ስለሆነ፣ ትክክለኛው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት መሆኑ ይታወቅ" ይላል።

እልፍነሽ ሁለት ጊዜ አነበበችው። "ስሕተቱን የፈጠረው ማነው?" አለችው።

"ሲስተር..."

"እኔ ሳልሆን እድሩ ነው የሚጠይቀው። ባለቤት የሌለው ስሕተት ነው ይላሉ። ተሸካሚዎቹ ለምነው አስጻፉት ይላሉ።"

ወረቀቱን መልሶ ተቀበላት። እንግዲህ የዚያን ልጅ ልብ አስቡት። ከዚያ ማዶ ጓደኞቹ ስሙን ቃለ ጉባኤ ላይ እየጻፉ ነው። አራት ዓመት ትምህርት። ተመልሶ የሚሠራው ሥራ፤ በእርግጥም ተመልሶ ብዙ ሴት ሊያድን የሚችል ልጅ ነው። ይህንንም ለራሱ ነገረው፦ ብማር ነው የምክሰው፣ ስንት አስካለችን አድናለሁ አለ። እያሰበው ግን የጵርስቅላ ቀይ መስመር ታየው። እዚያ ጥናት ላይ የሙያቸው የወደፊት ዕጣ የሚቆመው በዚያ ሐሰተኛ ሰዓት ላይ ነው፤ መኪናው የሚጠየቀው፣ አዋላጆቹ የሚሠለጥኑት በዚያ ሰዓት ነው። መኪናውስ ይምጣ። በመኪና በአንድ ሰዓት ብትደርስም እሱ "ባልሽ ይምጣ" ይላታል።

የመጀመሪያውን ወረቀት ቀደደው። በሁለተኛው ላይ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦

"አስካለች ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት ደርሳለች። ተሸካሚዎቿ አልዘገዩም። ባሏ እስኪመጣ ድረስ ሳላክማት ያስቆየኋት እኔ ነኝ። በካርዱ ላይ የተሳሳተውን ሰዓት የጻፍኩትም እኔ ነኝ። ዶክተር ማቴዎስ።"

ካርዱንም ሳበና ስምንት ተኩል የሚለውን በአንድ መስመር ሰርዞ፣ ከላዩ ሦስት ሰዓት ብሎ፣ አጠገቡ ፈረመ።

"ማኅተሙ?" አለ።

"ጸሐፊዋ መሳቢያውን ቆልፋ ሆሳዕና ሄዳለች። ሰኞ ነው የምትመጣው።" እልፍነሽ ተጨነቀች። "ማኅተም የሌለውን ወረቀት ማን ይቀበለዋል? ፊርማ ማንም ይሞነጫጭራል ይላሉ።"

"እድሩ ነገ ነው።"

መደርደሪያው ላይ፣ ከቅጾቹ አጠገብ፣ የአሻራው ቀለም ያለበት ክብ ቆርቆሮ ተቀምጧል። ማቴዎስ ተነስቶ አወረደው። ክዳኑን ሲከፍት እልፍነሽ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። የቀኝ አውራ ጣቱን ቀለሙ ላይ ጫነ፤ ከስሙ በታች ወረቀቱ ላይ አሳረፈና እስኪታተም ቆየ።

ወጥቶ ለጠና ሰጠው። ጠና ወረቀቱን ዘቅዝቆ ያዘው፣ አዟዟረው፣ መለሰለት። "ያንብቡልኝ።"

ሰዓቱን ብቻ አንብቦ ሊሰጠው ይችል ነበር። ማቴዎስ ሁሉንም አነበበለት፣ እስከ ስሙ ድረስ።

"ስለዚህ አልዘገየንም" አለ ጠና።

"አልዘገያችሁም።"

"እንቅልፍ አልወሰደንም።"

"አልወሰዳችሁም፣ ጋሼ ጠና።"

ሰውየው ወረቀቱን አራት አጥፎ ቆቡ ውስጥ አኖረው፤ ቆቡን አጠለቀ። እጁን ሊዘረጋ አሰበና የሐኪሙን አውራ ጣት አየ። "የሷም እንዲህ ነበር" አለ። እግዚአብሔር ይስጥልኝም፣ ይቅር ይበልህም አላለም። ትከሻውን አዘንብሎ ወደ በሩ ሄደ፤ ባሕር ዛፉ ጋ ሲደርስ ቆም ብሎ ወደ ላይ፣ ወደ ፀሐይዋ፣ ተመለከተና መንገዱን ቀጠለ።

እልፍነሽ አልኮል የነካ ጥጥ ይዛ ከኋላው መጣች። "እንካ፣ ልጄ፤ ሳይደርቅ ጥረገው። ኋላ አይለቅም።"

ከሐኪሞቹ ቤት ደጃፍ ሰይፈሥላሴ ብቅ ብሎ ተጣራ። "ማቴ! በሙሉ ድምፅ አልፈሃል። መጥተህ ቃለ ጉባኤውን ፈርም፤ ጵርስቅላም ጥናቷን ልታሽገው ነው።"

ማቴዎስ ጥጡን አየው፤ አልተቀበላትም።

"ይቆይ፣ ሲስተር" አለ። "መጀመሪያ እነሱ ይዩት።"

የአስካለችን ካርድ በብብቱ ይዞ፣ ሰማያዊውን ጣት ልብሱ እንዳይነካው ዘርግቶ፣ ግቢውን ማቋረጥ ጀመረ።